ጀልባ የሌለው ሰው ለጀልባ መንገድ ለምን ይከፍላል?

እስቲ አንድ ነገር አስቡ። መንገድ ዳር የጭነት መኪና ብቻ የሚቆጥር ሰው አስቀመጣችሁ እንበል። ማታ ላይ «ዛሬ 3 መኪና ብቻ ነው ያለፈው» ይላችኋል። በዚያው መንገድ ግን 1,000 ሰው በእግሩ ገበያ ደርሶ ተመልሷል። ታዲያ ይህ መንገድ ይጠገን ወይስ ይቅር? መልሳችሁ ምን እንደቆጠራችሁ ይወሰናል።

በአሜሪካ የፍሎሪዳ ምሥራቃዊ ዳርቻ የገጠመውም ተመሳሳይ ነገር ነው። እዚያ ከውቅያኖሱ ዳር ረጃጅም ቀጫጭን ደሴቶች ተዘርግተዋል። በደሴቶቹና በዋናው ምድር መካከል ደግሞ ጀልባዎች ከማዕበል ተጠልለው የሚጓዙበት የውሃ መንገድ አለ። ቦዩን መጀመሪያ ያስቆፈረው የግል ኩባንያ ነበር። በ1927 እ.ኤ.አ. የፍሎሪዳ ምክር ቤት አንድ ልዩ የግብር ወረዳ አቋቋመ፤ ሥራውም ቦዩን ገዝቶ ለፌዴራል መንግሥት ማስረከብ ነበር። ወረዳው ዛሬም አለ። ከናሳው እስከ ማያሚ-ዴድ 12 ካውንቲዎችን ያቅፋል፤ ዋና ገቢው የንብረት ግብር ነው። ስለዚህ ባለቤትም ሆነ፣ ጀልባ ነክቶ የማያውቅ ባለ ቤት ይከፍላል።

ችግሩ አሸዋው ነው። ሞገድና ማዕበል ያለማቋረጥ አሸዋ እየገፉ ቦዩን ይሞሉታል። ከፎርት ፒርስ ወደ ሰሜን የታቀደው ጥልቀት ወደ 3.7 ሜትር፣ ከዚያ እስከ ማያሚ ወደ 3 ሜትር ነው። ይህን ለመጠበቅ በየጊዜው መጥረግ ያስፈልጋል። ኃላፊነቱ የአሜሪካ ጦር የመሐንዲሶች ኮር ቢሆንም፣ የጥገና በጀት ሲደለደል ትልቅ ክብደት የሚሰጠው ለንግድ ጭነት ቶን ነው። የመዝናኛ ጀልባና የትንንሽ ዓሣ አጥማጆች ጀልባ ደግሞ በቶን ሲለካ ኢምንት ነው።

ወረዳው በየካውንቲው የኢኮኖሚ ጥናት የሚያስጠናው ለዚህ ነው፤ በቶን ያልተቆጠረውን በገንዘብ ለመቁጠር።

እንዴት ይቆጠራል? አንድ ጀልበኛ 100 ዶላር ነዳጅ ገዛ እንበል። ነዳጅ ሻጩ ከዚያ ላይ ለሠራተኛው ደመወዝ ይከፍላል፤ ሠራተኛውም ምሳ ይበላበታል። ያው 100 ዶላር ሲዞር ለብዙ ሰው ገቢ ይሆናል። ኢኮኖሚስቶች ይህን የማባዣ ውጤት ይሉታል። ጥናቱ የጀልባ ባለቤቶችን፣ የጀልባ ጠጋኞችንና የምግብ ቤቶችን ወጪና ገቢ ይዞ ዙሩን ያሰላል።

እዚህ ጋ ግን ወጥመድ አለ። ያው ሰው እዚያው ከተማ የሚኖር ከሆነና ጀልባ ባይኖር ኖሮ 100 ዶላሩን ሲኒማ ቤት ያወጣው ከነበረ፣ ለከተማው አዲስ ገንዘብ መጣ ማለት ይቻላል? አይቻልም! ኪስ ነው የተለወጠው። ከሌላ ግዛት የመጣ እንግዳ ያወጣው ግን አዲስ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «በቦዩ ዙሪያ ስንት ብር ይዞራል?» ሳይሆን «ጠረጋው ቢቆም ምን ያህሉ ይጠፋል?» ነው። ሁለተኛው ቁጥር ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ያንሳል።

ሌላም አለ። ለጥናቱ የሚከፍለው አካል ራሱ ቦዩ እንዲጠረግ ይፈልጋል። ይህ ብቻውን ጥናቱን ውሸት አያደርገውም፤ ያለ እሱ ገንዘብ ማንም ላይቆጥር ይችላል። ነገር ግን ስሌቱ በግልጽ ቀርቦ ሌላ ሰው ሊፈትሸው መቻል አለበት። አለበለዚያ ጀልባ የሌለው ግብር ከፋይ በምን ያምናል?

እንግዲህ «ይህ ፕሮጀክት ይህን ያህል ሚሊዮን ያስገኛል» የሚል ዜና ስትሰሙ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ማን ከፈለ? ምን ተቆጠረ? ፕሮጀክቱ ባይኖርስ ገንዘቡ የት ይሄድ ነበር? ሦስተኛውን መመለስ ከከበዳቸው፣ ቁጥሩን ገና አትመኑት።