የሚፈታ ቤት፦ ተረትና እውነታ

አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ቤት ሲፈርስ መጀመሪያ የሚሄዱት በርና መስኮቱ ናቸው። ቀጥሎ ቆርቆሮው፣ ሞራሌው፣ ፌሮው። ቁርጥራጭ ብረቱ መርካቶ ምናለሽ ተራ ደርሶ ምድጃ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። እነዚህ ሁሉ ገዢ አላቸው። የአርማታና የብሎኬቱ ፍርስራሽ ግን ገዢ የለውም፤ ገልባጭ መኪና ተከራይቶ የሚያስጥለው ባለቤቱ ነው። ዑደታዊ ኢኮኖሚ፣ ማለትም ዕቃን ሳይጥሉ ደጋግሞ መጠቀም፣ ሲባል የውጭ ፋሽን ለሚመስለው ሰው መልሱ እዚሁ ነው፦ የተፈታው ይሸጣል፣ የተጣበቀው ያስከፍላል።

«አርማታም እኮ ይፈጫል» ይባላል። ይፈጫል፤ የሚወጣው ግን ከመንገድ ሥር የሚነጠፍ ጠጠር እንጂ ሲሚንቶ አይደለም። ሲሚንቶ አንዴ ከጠጠረ በመፍጨት ብቻ ወደ ነበረበት አይመለስም። አዲሱን ለማምረት ደግሞ የኖራ ድንጋይ ከሌሎች ጥሬ ዕቃዎች ጋር እስከ 1450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቃጠላል። ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከማገዶው ሳይሆን ከራሱ ከድንጋዩ ነው፤ ምድጃው በንጹሕ ኃይል ቢሠራ እንኳ ይህኛው አይቀርም።

ስለዚህ ነው ፒፒሲ የተባለውን ሲሚንቶ ደካማ እያሉ ማጣጣል የሚያናድደኝ። ፒፒሲ ውስጥ ከዚያ ምድጃ የሚወጣውን የክሊንከር ከፊል ቦታ የሚተካው የተፈጨ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ስምጥ ሸለቆ የሞላው ፑሚስ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዘገም ይላል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ዱቄቱ ከሲሚንቶው ከሚወጣው ኖራ ጋር እየተዋሐደ ለወራት ይጠነክራል። ፎርሙን በጥድፊያ አንስቶ፣ ውሃ ማጠጣቱን በሦስተኛው ቀን ትቶ ሲሚንቶውን መውቀስ ግን ቀላል ነው።

«የተቃና ፌሮ እንደ አዲስ ነው» ለሚሉት ግን፣ ዳግም መጠቀምን ብወድም፣ አልስማማም። ታጥፎ በመዶሻ የተቃና ብረት እጥፋቱ ላይ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። ኮለን ውስጥ አይገባም። ቦታው ማቅለጫ ነው፤ ብረት ደጋግሞ ቀልጦ መልሶ ብረት ይሆናል።

ዋናው ተረት «የሚፈታ ቤት ጊዜያዊ ነው» የሚለው ነው። ግድግዳ የሚድነው ወይም የሚጠፋው በመጋጠሚያው ነው፣ ያም የሚወሰነው ገና ንድፉ ሲሳል ነው። በጠንካራ የሲሚንቶ ሞርታር የተያያዘ ብሎኬት ሲነቀል ራሱ ይሰበራል። በኖራ የተገነባ ጡብ ግን ኖራው ቀድሞ ስለሚለቅ ሳይጎዳ ይወጣል፤ የጎንደር አብያተ መንግሥት በኖራ ተገንብተው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደቆሙ ልብ ይሏል። ብሎንም እንደዚሁ ነው፤ ብየዳ ያጣበቀውን መቁረጥ ግድ ይላል፣ ብሎን ያሰረውን ቁልፍ ይፈታዋል።

የሚነሣ ቤት ጊዜያዊ እንዳልሆነ ዶርዜዎችም ያሳያሉ። ከአርባ ምንጭ በላይ፣ ጨንቻ አካባቢ፣ ከቀርከሃ ሸምነው የሚሠሩት ቤት ሲጀመር እስከ 12 ሜትር ይረዝማል። ምስጥ እግሩን ሲበላው የተበላው ተቆርጦ ቤቱ ዝቅ ይላል፤ ካስፈለገም ሰው ተሰብስቦ ተሸክሞ ሌላ ቦታ ያቆመዋል። በዚህ ዓይነት ለአሥርት ዓመታት ይኖራል፤ ስንት ዓመት እንደኖረም ከቁመቱ ማጠር ይታወቃል።