ከእንጨት ዶማ እስከ አልማዝ

ወላጆቻችን «እንጨት መቁረጥና ድንጋይ መፈንቀል ምኑ ያጫውታል?» ብለው ይጠይቁናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለዚህ ብዙዎቻችን የምንጫወተውን ማይንክራፍትን ምሳሌ አድርገን፣ እንዲህ ያሉ ጨዋታዎች ለምን እንደሚስቡና ለምን እንደሚያሰለቹ እናስረዳለን።

ማይንክራፍትን የጀመረው ስዊድናዊው ማርከስ ፐርሰን ነው። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ2009 ለሕዝብ ቀረበ፤ ሙሉው እትም በ2011 ወጣ። በ2014 ማይክሮሶፍት አዘጋጁን ሞጃንግን በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛው።

ተጫዋቹ ባዶ እጁን ይጀምራል። መጀመሪያ ዛፍ ይቆርጣል። ከአንድ ግንድ 4 ሳንቃ ይወጣል፤ 4 ሳንቃ አንድ የመሥሪያ ጠረጴዛ ይሆናል፤ 3 ሳንቃና 2 ዱላ ደግሞ የእንጨት ዶማ ይሆናሉ። በእንጨት ዶማ ድንጋይ፣ በድንጋይ ዶማ ብረት፣ በብረት ዶማ አልማዝ ይቆፈራል። የሚስበን ይህ ነው፦ ትናንት ያቃተንን ዛሬ የምንችለው ራሳችን በሠራነው መሣሪያ ነው። የአንድ ወር ጥናት ውጤቱ የሚታወቀው በፈተና ቀን ነው፤ እዚህ ግን የ10 ደቂቃ ሥራ ወዲያው ግድግዳ ሆኖ ይቆማል።

ሌላው የሚስበን ፍርሃቱ ነው። የጨዋታው አንድ ቀንና ሌሊት 20 ደቂቃ ነው። ሲመሽ ዞምቢዎች ይወጣሉ፤ መጠለያ ያልሠራ ይጠቃል። ተጫዋቹ ከሞተ የያዘው ዕቃ መሬት ላይ ይበተናል፤ የወደቀ ዕቃ ደግሞ የሚቆየው 5 ደቂቃ ያህል ነው። ከጓደኞቻችን ጋር በኢንተርኔት ስንጫወት ጨዋታውን ለአፍታ ማቆም አንችልም። ስለዚህ «አንድ ደቂቃ ብቻ!» የምንለው ሁልጊዜ ሰበብ አይደለም።

አሰልቺነቱም ከዚያው ከሚስበን ነገር ይመጣል። አንድ ብረት ለማቅለጥ 10 ሰከንድ ይፈጃል፤ በአንድ ምድጃ 64 ብረት ለማቅለጥ 10 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ መጠበቅ አለብን። የድንጋይ ዶማ 131 ጊዜ ከቆፈረ በኋላ ይሰበራል፤ ከዚያ እንደገና ወደ እንጨትና ድንጋይ ፍለጋ ነው። ቤቱ ካለቀና ጎተራው ከሞላ በኋላ ፍርሃቱ ይጠፋል፤ የሚቀረው ቁፋሮ ብቻ ነው። የሚገርመው ግን ያኔም አለማቆማችን ነው። እጃችን ይቆፍራል፣ ልባችን ግን እዚያ የለም። የቤት ሥራችንንና እንቅልፋችንን የሚበላው ይህ ሰዓት ነው።

ስለዚህ ሁለቱን ጊዜዎች መለየት ይጠቅማል። መለያው አንድ ጥያቄ ነው፦ «አሁን ምን እየሠራችሁ ነው?» መልሳችን «ለወንዙ ድልድይ፣ 40 ድንጋይ ቀረን» ከሆነ ጨዋታው ገና ሕይወት አለው። «ዝም ብለን እየቆፈርን ነው» ካልን ግን የመዝጊያው ሰዓት አልፏል።

ወላጆቻችንን አንድ ነገር እንለምናለን። በጨለማው መሐል «አሁኑኑ አጥፉ!» ከማለት «ሲነጋ ታጠፋላችሁ» በሉን። የጨዋታው ሌሊት 7 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። ጎሕ ከቀደደ በኋላ ግን እኛም ሌላ ምክንያት ልናቀርብ አይገባንም።