ትንሿ ላፕቶፕ ለመንገድና ለዕለት ሥራ

መንገደኛ ሁሉ ሁለት ባላጋራ አለው፤ አንደኛው ርቀት፣ ሁለተኛው ሸክም ነው። ርቀቱን አውቶቡስና አይሮፕላን አሳጥረውለታል፤ ሸክሙን ግን ዛሬም የሚመርጠው እሱ ራሱ ነው። አባቶቻችን ይህን ነገር በሚገባ ያውቁት ነበር። ለረጅም ጉዞ የሚነሣ ሰው በሶና ቆሎ ይሰንቅ የነበረው ከወጥ ይልቅ በሶ ስለሚጥመው አልነበረም፤ ሳይበላሽ የሚቆይና ለትከሻ የሚስማማ ስንቅ ስለ ሆነ ነው። የተማረውም ሰው ልማዱ እንዲሁ ነበር። ትልቁ የብራና መጽሐፍ ከተቀመጠበት ሳይነሣ ሲኖር፣ ትንሹ ዳዊት ግን በማኅደሩ ገብቶ ከባለቤቱ ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ ቆላ ይወርድ፣ ደጋም ይወጣ ነበር። ከሁለቱ መጻሕፍት በየቀኑ ይነበብ የነበረው የትኛው እንደ ሆነ መናገር አያስፈልግም።

ዛሬ በተማሪውና በወጣቱ ሠራተኛ ትከሻ ላይ የዚያን ማኅደር ቦታ የያዘችው ላፕቶፕ ናት። ነገሩ የጌጥ ነገር መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር፣ እኛ እንዲህ አይመስለንም። ለአንድ ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ይህ ዕቃ የብዙ ወር ደመወዝ የሚጠይቅ ነው። ያን ያህል ገንዘብ ከፍሎ የገዛው መሣሪያ ከብዶት ከቤቱ የማይወጣ ከሆነ፣ ገንዘቡን ቀበረው ማለት ነው። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ሁለት ጥያቄዎችን እናነሣለን፤ ይኸውም የዕቃው ቅለት ለሥራ ምን ይጠቅማል? ቅለቱስ በምን ይገዛል? የሚል ነው።

ከ11 ኪሎ ወደ 1 ኪሎ

«ተንቀሳቃሽ» የተባለው ኮምፒዩተር መጀመሪያ ሲወጣ፣ የሚንቀሳቀሰው በብርቱ ሰው ክንድ ብቻ ነበር። በ1981 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለገበያ የቀረበው ኦስቦርን 1 የተባለው ኮምፒዩተር 11 ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር። ሲዘጋ የልብስ ስፌት መኪና ሣጥን ይመስላል፤ ስክሪኑ 5 ኢንች ብቻ ነበር፤ ዋጋው 1,795 ዶላር ነበር። የራሱ ባትሪ ስላልነበረው፣ ባለቤቱ ያን ሁሉ ተሸክሞ ከደረሰ በኋላ ደግሞ የኤሌክትሪክ መስመር ያለበት ቤት መፈለግ ነበረበት።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1983 እ.ኤ.አ.፣ ቲ.አር.ኤስ. 80 ሞዴል 100 የተባለች መሣሪያ ወጣች። ክብደቷ 1 ኪሎ ከ4 መቶ ግራም ያህል ነበር። የምትሠራው በየሱቁ በሚሸጡ 4 ትንንሽ የባትሪ ድንጋዮች ሲሆን፣ እነርሱም ለ20 ሰዓት ያህል ያገለግሏት ነበር። በስክሪኗ ላይ የሚታየው 8 መስመር ጽሑፍ ብቻ ነው፤ በአንዱ መስመር ላይም ከ40 ፊደል በላይ አይገባም። እንዲህ ብትሆንም በጋዜጠኞች ዘንድ እጅግ ተወዳጅ ሆና ነበር። ምክንያቱም ጋዜጠኛው ያየውን በዚያው በቦታው ጽፎ፣ በስልክ መስመር ወደ ዝግጅት ክፍሉ መላክ ስለሚችል ነው። ከእርሷ የበረቱ ኮምፒዩተሮች በየቢሮው ነበሩ፤ ነገሩ በተፈጸመበት ቦታ የነበረችው ግን እርሷ ናት።

የዛሬይቱ ትንሽ ላፕቶፕ የተወለደችው ከዚህ በኋላ በተከፈቱ ሁለት መንገዶች ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. አሱስ የተባለው የታይዋን ኩባንያ ስክሪኗ 7 ኢንች፣ ክብደቷ ከ1 ኪሎ በታች የሆነች ርካሽ ላፕቶፕ አወጣ። በጥር 2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአፕል ኩባንያ መሪ ስቲቭ ጆብስ ማክቡክ ኤርን ከወረቀት ፖስታ ውስጥ አውጥቶ ለሕዝብ አሳየ። ክብደቷ 1 ኪሎ ከ360 ግራም ነበር። አንደኛው ቅለትን ያገኘው ኀይልንና ስፋትን በመቀነስ ሲሆን፣ ሁለተኛው ዋጋን በመጨመርና የሲዲ ማጫወቻውን የመሳሰሉ ክፍሎችን በመተው ነው። ርካሿ ላፕቶፕ ለጥቂት ዓመታት ብዙ ገዢ ካገኘች በኋላ፣ የኪቦርዷ ጥበትና የሥራዋ ዝግታ ሰውን አሰለቸው፤ ታብሌትም ሲመጣ ከገበያ ወጣች። የሁለተኛው ግን ለዛሬዎቹ ቀላል ላፕቶፖች ሁሉ አብነት ሆነ። ዛሬ 13 ወይም 14 ኢንች ስክሪን ኖሯት 1 ኪሎ ገደማ የምትመዝን፣ የቢሮ ሥራን ሁሉ ያለ ችግር የምትሠራ ላፕቶፕ ማግኘት ይቻላል።

የማስታወስ ጽሑፍና የቦታው ጽሑፍ

ወደ ራሳችን ጉዳይ እንመለስ። አንድ የወረዳ ባለሙያ 10 ቀን ከቀበሌ ወደ ቀበሌ ሲዘዋወር ይሰነብታል እንበል። ያየውን በየማታው በማረፊያው ተቀምጦ ቢጽፍ፣ በዚህ ቀበሌ ከ14ቱ የውሃ ጉድጓዶች 5ቱ ተበላሽተዋል ብሎ ቁጥሩን ያሰፍራል። ኮምፒዩተሩ በቢሮ ቀርቶ ከሆነና ከተመለሰ በኋላ በማስታወስ የሚጽፍ ከሆነ ግን፣ «በርካታ ጉድጓዶች አገልግሎት አይሰጡም» ብሎ ያልፋል። «በርካታ» የሚለው ቃል ለጸሐፊው ምቹ ነው፤ ለእነዚያ 5 ጉድጓዶች መለዋወጫ የሚመድበው አለቃ ግን ምንም ሊያደርግበት አይችልም። በዚህ መካከል የሚጎዳው ባለሙያውም አለቃውም አይደለም፤ እንስራዋን ይዛ ሩቅ የምትሄደው ሴት ናት። እንግዲህ የላፕቶፕ ቅለት ቁም ነገር የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

እኛም ባለፈው ክረምት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በአውቶቡስ ስንጓዝ ይህንኑ ተመልክተናል። ከጎናችን የተቀመጡት አንድ የቢሮ ሰው ትልቅ ላፕቶፕ ይዘው ነበር፤ ከቻርጀሩ ጋር 3 ኪሎ ይሆናል። ጕልበታቸው ላይ አልመች ስላላቸው ከሻንጣ ጋር ወደ ዕቃ መጫኛው አስገቡትና፣ እስክንደርስ ድረስ ልባቸው ከዚያው ነበር። የእኛዪቱ ከነቻርጀሯ 1 ኪሎ ተኩል የማትሞላ ስለሆነች፣ ከጋቢያችን ጋር በጕያችን አድራ ሄደች። ደሴ በደረስንበት ማታ በማረፊያችን መብራት ጠፍቶ እስከ ንጋት አልመጣም። ይሁን እንጂ ባትሪዋ ስለነበረ በመንገድ የሰበሰብነውን ሁሉ ጽፈን ተኛን።

ቅለት በነጻ አይገኝም

ታዲያ ቅለት ሁሉ መልካም ነው ማለታችን አይደለም። ከዕቃው ላይ የሚቀነሰው እያንዳንዱ ግራም ከአንድ ነገር ላይ የተወሰደ ነው። ገዢው የተወሰደበት ምን እንደ ሆነ ሳያውቅ ገንዘቡን እንዳይከፍል እንመክራለን።

መጀመሪያ ኪቦርዱን ይመልከት። በአማርኛ የሚጽፍ ሰው በዚህ በኩል ከእንግሊዝኛ ጸሐፊ የበለጠ መጠንቀቅ አለበት። በተለመደው የድምፅ አጻጻፍ «ስ»ን ለመጻፍ አንድ ቁልፍ ይበቃል፤ «ሰ»ን ወይም «ሱ»ን ለመጻፍ ግን ሁለት ቁልፍ መምታት ያስፈልጋል። «ት»ን ከ«ጥ» ለመለየት ደግሞ ሺፍት የሚባለውን ቁልፍ ደርቦ መያዝ አለ። ስለዚህ ቁልፎቹ የጠበቡ ወይም ሺፍቱ ያነሰ ኪቦርድ፣ አማርኛ ጸሐፊን እጥፍ ያደክማል። በሱቁ ውስጥ ቆሞ አንድ ሙሉ አንቀጽ በአማርኛ ሳይጽፍ የሚገዛ ሰው፣ ጫማ ሳይለካ እንደሚገዛ ሰው ነው።

ሁለተኛው ስክሪኑ ነው። ለጽሑፍ 13 ኢንች ይበቃል፤ ቀኑን ሙሉ ሰፊ ሠንጠረዥ የሚያገላብጥ የሒሳብ ሠራተኛ ግን በቢሮው ሌላ ትልቅ ስክሪን ቢያገናኝ ዓይኑን ያድናል። ከቤት ውጭ የሚሠራ ሰው ደግሞ በፀሐይ መነበቡን ይፈትን። ለሕፃናት ትምህርት ተብላ የተሠራችውና በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በሺህ በሚቆጠር ብዛት ወደ አገራችን የገባችው ኤክስ ኦ የተባለች ትንሽ ላፕቶፕ፣ ስክሪኗ በጠራራ ፀሐይ እንዲነበብ ሆኖ የተሠራ ነበር። ብዙዎቹ ውድ ላፕቶፖች ግን ዛሬም በፀሐይ ላይ መስተዋት ይሆናሉ።

ሦስተኛው ራም የሚባለው ክፍል ነው። በቀላል ላፕቶፖች ላይ ራሙ ብዙ ጊዜ ከውስጥ ተበይዶ ስለሚመጣ፣ ከገዙ በኋላ እጨምራለሁ ማለት አይቻልም። ለዛሬ ሥራ 8 ጊጋ ባይት ዝቅተኛው ነው፤ አቅም የፈቀደለት ግን 16 ቢያደርገው ዕድሜውን ያረዝመዋል።

አራተኛው ባትሪው ነው። ባትሪ የሚለካው በዋት ሰዓት ነው። 50 ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ፣ 7 ዋት ለምትጠቀም ላፕቶፕ 7 ሰዓት ያህል ያገለግላል፤ 10 ዋት ለምትጠቀም ግን 5 ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ ሻጩ «ባትሪዋ ትልቅ ነው» ሲል፣ ምን ያህል እንደምትበላም መጠየቅ ይገባል።

ስለ አያያዝ

«ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» እንደተባለው፣ የላፕቶፕ ዕድሜ ከአሠራሯ ይልቅ በባለቤቷ እጅ ነው። ወደ ጠጠር መንገድ የሚወጣ ሰው ኤስ.ኤስ.ዲ. የተባለው ማከማቻ ያላትን ቢመርጥ ይበጀዋል። በቀድሞው ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሰሌዳና ከሰሌዳው ሊነካ ጥቂት ብቻ የቀረው አንባቢ ክንድ ስላለ፣ እየሠራ ሳለ ቢንገጫገጭ ይጎዳል፤ በኤስ.ኤስ.ዲ. ውስጥ ግን የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። የሊቲየም ባትሪ ሙቀት ይጠላል፤ ስለዚህ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ መተው አይገባም። ዘወትር መቶ በመቶ ሞልቶ ከማቆየትም በ20 እና በ80 በመቶ መካከል ቢያዝ ዕድሜው ይረዝማል። በአይሮፕላን የሚሄድ ሰው ተጨማሪ ባትሪውን ወይም ፓወር ባንኩን ወደ ጭነት ክፍል በሚገባው ሻንጣ ውስጥ እንዳይጨምር፤ በእጁ ይዞ ይግባ። ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው። በ3.7 ቮልት የሚሠራ ባለ 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ፓወር ባንክ 74 ዋት ሰዓት ስለሚሆን፣ ከዚህ ልክ አይወጣም።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ግን ሌላ ነው። ለመሸከም የቀለለ ዕቃ ለሌባም ይቀላል። አንድ የምናውቀው ወጣት የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያስረክብ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ በታክሲ ግፊያ መካከል ላፕቶፑን ከነቦርሳው ተቀማ። ላፕቶፑን ዘመዶቹ አዋጥተው ተኩለታል፤ የስምንት ወር ጽሑፉን የሚተካለት ዘመድ ግን አልተገኘም፤ ቅጂ አልነበረውምና። ምረቃውም በአንድ ዓመት ተላለፈ። እንግዲህ በየማታው አንድ ቅጂ በፍላሽ አድርጎ ከላፕቶፑ ቦርሳ ሌላ በሆነ ቦታ ማኖር፣ ኢንተርኔት ባለበትም ሌላ ቅጂ ማስቀመጥ፣ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ የሚይዘው የራሱን ጽሑፍ ብቻ አይደለም፤ የሰው ስም፣ የሰው መሬት፣ የሰው ሕመም በእጁ ነው። ስለዚህ በይለፍ ቃል ብቻ ሳይወሰን ማከማቻውን ሁሉ በምስጢር መቆለፍ አለበት፤ አለዚያ ሌባው የሚያገኘው ዕቃውን ብቻ አይሆንም።

ለገዢው ጥቂት ምክር

አዲስ ለመግዛት አቅም የማይፈቅድለት ሰው፣ ያገለገለ ግን ደኅና የሆነ ቢገዛ የሚያሳፍር ነገር የለበትም። በውጭ አገር ቢሮዎች ሁለት ሦስት ዓመት የሠሩ ቀላል ላፕቶፖች፣ በዝቅተኛ ዋጋ ከተሠሩ አዲሶች ብዙ ጊዜ ይበረታሉ። ነገር ግን ሁለት ነገር ይፈትን። አንደኛ፣ ከመብራት ነቅሎ ግማሽ ሰዓት ያሠራት፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከባትሪው ሩቡ ካለቀ፣ ዕድሜው በጠቅላላ ሁለት ሰዓት ብቻ ነውና የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከሒሳቡ ላይ ይቀነስ። ሁለተኛ፣ ዊንዶውስ 11ን የምትቀበል መሆኗን ይጠይቅ። ዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረው ነጻ የጥበቃ ማሻሻያ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። የማትቀበለውን አሮጌ ላፕቶፕ የያዘ ሰው ግን ሊኑክስ የተባለውን ነጻ ሥርዓት ጭኖ ሊሠራባት ይችላል።

ያለችው ላፕቶፕ ሥራውን የምትሠራለትና ከቢሮው የማይወጣ ሰው ደግሞ፣ ለቅለት ብሎ ዕዳ ውስጥ መግባት የለበትም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆንበት እንፈራለን። መንገድ የሥራው ክፍል ለሆነ፣ ከክፍል ወደ ቤተ መጻሕፍት፣ ከቢሮ ወደ ቀበሌ ለሚመላለስ ወጣት ግን ምክራችን አጭር ነው። ትልቅ ስክሪን ወይም ብዙ ኀይል ከመመኘቱ በፊት፣ በዝናብም በፀሐይም፣ በድካሙም ቀን ቢሆን፣ «ዛሬስ ቤት ትቆይ» የማይላትን ይምረጥ። ኪቦርዷን በአማርኛ ፈትኖ፣ ባትሪዋን አስልቶ ይግዛት፤ ቅጂውንም በየማታው ያስቀምጥ። ያየውን ባየበት ቀን የሚጽፍ ሠራተኛ በበዛ ቁጥር፣ «በርካታ» የሚለው ቃል ከመዝገቦቻችን እየጠፋ፣ ቁጥሩ ቦታውን እየያዘ ይሄዳል።