ከጉሮሮ እስከ ልብ

ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል የወረደ ሰው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልን ያገኛል። ግቢው ውስጥ በ2001 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የልብ ማዕከል የዶ/ር በላይ አበጋዝና የባልደረቦቻቸው የዓመታት ልፋት ውጤት ነው። ወደዚያ ከሚመጡት ሕፃናት መካከል ልባቸው ሲወለዱ ጤነኛ የነበረ አሉ።

ልባቸውን የጎዳው ቶንሲል ነው።

ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ጉሮሮን ሲያጠቃ ሰውነት መከላከያውን ያሰማራል። ችግሩ፣ ባክቴሪያው ላይ ያለው ኤም ፕሮቲን ከልብ ጡንቻ ፕሮቲን ጋር ይመሳሰላል፤ ስለዚህ በአንዳንድ ልጆች ላይ መከላከያው የገዛ ወገኑን ይወጋል። ጉሮሮው ከዳነ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ትኩሳት ይነሳል፤ ጉልበት ያብጣል፣ እሱ ሲሻለው ቁርጭምጭሚት ይተካል። መገጣጠሚያው ይድናል። የልብ ቫልቭ ግን፣ በተለይ በግራ በኩል ያለው ሚትራል፣ ጠባሳ ይዞ ሊቀር ይችላል።

ባክቴሪያው በተጨናነቀ ቤት በቀላሉ ይተላለፋል፤ በአንድ ክፍል ብዙ ሰው የሚያድርባቸው የአራዳ አሮጌ ሰፈሮች ለዚህ የተመቹ ነበሩ። ይበልጥ የተጋለጡት ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች ናቸው። እንጥል ማስቆረጥ፣ እናቶች ይቅር ይበሉና፣ ባክቴሪያውን አይነካውም፤ ደም መፍሰስና ሌላ ኢንፌክሽን ግን ያመጣል። የጉሮሮ ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ የተሰጠ ፔኒሲሊን መዘዙን ይከላከላል።

አንዴ በዚህ ትኩሳት የታመመ ልጅ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ይወጋል፣ ለዓመታት። መርፌው ያማል፤ ልጁ ደግሞ ሮጦ እየተጫወተ ነው። ብዙ ቤተሰብ የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነው።