ሕገ መንግሥት ማንን ያዛል?

ሕገ መንግሥት ምንድር ነው? ተብሎ ሲጠየቅ፥ ብዙ ሰው «የሀገር የበላይ ሕግ ነው» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን አያጠግብም። ሌሎች ሕጎች በአብዛኛው ሕዝቡን ሲያዙ፥ ሕገ መንግሥት በተለይ አዛዡን የሚያዝ ሕግ ነው። ሥራውም ሦስት ነው፤ ይኸውም ሥልጣን ከማን እንደሚመነጭ መናገር፥ ሥልጣንን ማከፋፈልና የሰውን መብት ማስከበር ነው።

ሀገራችን የመጀመሪያውን የጽሑፍ ሕገ መንግሥት ያገኘችው ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ያዘጋጁት ይህ ሕግ 55 አንቀጽ ሲኖረው፥ ከጃፓን ሕገ መንግሥት ብዙ ተበድሯል። ሁለት ምክር ቤቶች አቋቋመ፤ አባሎቻቸውን ግን ሕዝቡ አልመረጠም። ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት 131 አንቀጽ ነበረው። የሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንደራሴዎች በሕዝብ እንዲመረጡ ፈቀደ፤ የመናገርና የመጻፍ ነጻነትም ተጻፈበት። ሚኒስትሮች ግን የሚሾሙትም የሚሻሩትም በንጉሠ ነገሥቱ ነበር፤ ተጠሪነታቸውም ለእርሳቸው ነበር።

ይህ ጉድለት ምን እንደሚያስከትል ወሎ በ1965 ዓ.ም. አየችው። ዝናብ ቀርቶ እህል በጠፋ ጊዜ፥ የተራበው ገበሬ ቤተ ሰቡን ይዞ ከየመንደሩ እየወጣ ከአዲስ አበባ ወደ አሥመራ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ፈሰሰ። ያ ጎዳና በመርሳና በወልድያ የሚያልፈው ነው። ሕገ መንግሥት ነበረ፤ እንደራሴዎችም ነበሩ። ነገር ግን ሚኒስትሩን ጠይቆ፥ መልሱ ካላጠገበ ከወንበሩ የማንሣት ሥልጣን ለምክር ቤቱ አልተሰጠውም ነበር። የተሸፋፈነውን ችግር በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ለዓለም አሳየው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሲወርዱ ሕገ መንግሥቱም ታገደ።

ከዚያ በኋላ በ1979 ዓ.ም. ሌላ ሕገ መንግሥት ወጥቶ በ1983 ዓ.ም. ከመንግሥቱ ጋር አለፈ። አሁን የሚሠራበት ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ጸድቆ፥ ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ነው። 11 ምዕራፍና 106 አንቀጽ አለው። ከአንቀጽ 13 እስከ 44 ያለው ስለ መብትና ነጻነት ይናገራል። አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፥ ኃላፊነቱን ያጓደለ ሹምም እንዲጠየቅ ያዛል። አንቀጽ 89 ደግሞ መንግሥት አደጋ እንዳይደርስ እንዲከላከል፥ ከደረሰም ለተጎጂው በወቅቱ እርዳታ እንዲያቀርብ ግዴታ ይጥልበታል። የወሎን ረኀብ ለሚያስታውስ አንባቢ እነዚህ ሁለት አንቀጾች ተራ ቃላት አይደሉም።

ሥልጣን በፌዴራሉና በክልሎች መካከል ተከፍሏል። አንቀጽ 50 ደግሞ ሕዝቡ በቅርብ ሆኖ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ይላል። እንግዲህ የሀብሩ ገበሬ መንግሥትን የሚያገኘው አዲስ አበባ ሳይሆን በቀበሌውና በመርሳ ባለው የወረዳ ጽሕፈት ቤት ነው።

ሌላም ምሳሌ እንይ። በአንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ከተያዘበት ቦታ እስከ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚያስፈልገው ተገቢ ጊዜ ግን አይቆጠርም። ከሩቅ ቀበሌ በእግር ለሚመጣ ሰው ይህች አባባል ትልቅ ትርጉም አላት፤ «መንገዱ ረጅም ነው» የሚለው ምክንያት የት ላይ እንደሚያበቃ መጠየቅ ይገባዋልና። በአስቸኳይ ጊዜ አንዳንድ መብቶች ሊገደቡ ይችላሉ፤ ቢሆንም አንቀጽ 93 ለአዋጁ የስድስት ወር ወሰን አበጅቶለታል። ከዚያ በኋላ በየአራት ወሩ ሊታደስ የሚችለው ምክር ቤቱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲፈቅድ ብቻ ነው።

ስለዚህ ተማሪ እነዚህን አንቀጾች ለፈተና ብቻ አያጥናቸው። የመንግሥት ሠራተኛም ባለጉዳይ ፋይሉን ይዞ ጠረጴዛው ፊት ሲቆም፥ ሕገ መንግሥቱ የሚፈተነው በዚያች ሰዓት መሆኑን ይወቅ። ሕዝብ ያላወቀውን ሕግ፥ ሹም ቢረሳው የሚያስታውሰው የለምና።