ሳያጨሱ ጭስ የሚተነፍሱ ሕፃናት፤ የስኮትላንድ ሕግና የድኻ ቤት

ትንባሆ ማጨስ የሚያጨሰውን ሰው እንደሚጎዳ ዛሬ የማያውቅ የለም። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንወደው ግን የማያጨሰውን፥ ይልቁንም እምቢ ለማለትም ሆነ ከክፍሉ ተነሥቶ ለመውጣት የማይችለውን ሕፃን የሚመለከተውን ነገር ነው። ነገሩ በአንድ ወገን የሐኪሞች፥ በሌላው ወገን ደግሞ የኅብረተሰብን ኑሮ የሚመረምሩ ሰዎች ጉዳይ ነው። ሁለቱ የተገናኙበትን አንድ ምሳሌ ስንፈልግ ከስኮትላንድ የተሻለ አላገኘንም። በዚያ አገር ሕግ ከመውጣቱ በፊትና ከወጣ በኋላ የልጆቹ ምራቅ ሳይቀር ስለ ተመረመረ፥ በግምት ሳይሆን በቍጥር ለመነጋገር ይቻላል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ የኢትዮጵያ መሆናቸውን ካልገለጽን በቀር፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሲጃራ ሲነድ ጭሱ በሁለት መንገድ ይወጣል። አንደኛው አጫሹ ስቦ መልሶ የሚያወጣው ነው። ሁለተኛው ሲጃራው በጣት ተይዞ ወይም በመተርኮሻ ላይ ተቀምጦ ሳለ ከሚነደው ጫፍ በቀጥታ ወደ ክፍሉ የሚገባው ነው፤ በአጠገቡ ያለ ሰው የሚተነፍሰውም በአብዛኛው ይህን ነው። ሕፃን ከሰውነቱ ክብደት ጋር ሲመዛዘን ከአዋቂ የበለጠ አየር ይተነፍሳል፤ የአየር ቧንቧው ጠባብ ነው፤ ሳንባውም ገና በማደግ ላይ ነው። በ1974 ታትሞ የወጣ በለንደን ከተማ በሃሮ ሰፈር የተደረገ ጥናት፥ በተወለዱ በመጀመሪያው ዓመት በሳንባ ምችና በብሮንካይትስ የሚታመሙት ሕፃናት፥ ሁለቱም ወላጆቻቸው በሚያጨሱበት ቤት ብዙ፥ ሁለቱም በማያጨሱበት ቤት ጥቂት መሆናቸውን አሳየ። ከዚያ ወዲህ አስም፥ የመሐል ጆሮ ሕመምና ድንገተኛ የሕፃናት ሞት በዝርዝሩ ተጨምረዋል። በ2011 የታተመ አንድ ስሌት በ2004 በዓለም ላይ በሌላ ሰው ጭስ ምክንያት 603,000 ሰዎች እንደ ሞቱ ይገምታል። ከነዚህ ውስጥ 165,000ዎቹ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የነበረ፥ በሳንባና በአየር ቧንቧ ሕመም ያለፉ ሕፃናት ሲሆኑ፥ ከነርሱም ከሦስቱ ሁለቱ እጅ በአፍሪካና በደቡብ እስያ የሚገኙ ናቸው።

አንድ ልጅ ምን ያህል ጭስ እንደ ተነፈሰ ለማወቅ ወላጁን መጠየቅ አይበቃም። ወላጅ ይረሳል፤ ያፍራልም። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ኮቲኒን የተባለውን ንጥረ ነገር ይለካሉ። በትንባሆ ውስጥ ያለው ኒኮቲን በጉበት ሲሰባበር ወደ ኮቲኒን ይለወጣል። ይህም ቶሎ ከሰውነት አይወጣም፤ መጠኑ በግማሽ ለመቀነስ ከ16 እስከ 20 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ በምራቅም ውስጥ ይገኛል። ልጁ ጥቂት ጥጥ በአፉ ይዞ ይቆያል፤ ጥጡ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። መለኪያው ናኖግራም ማለትም የግራም አንድ ቢሊዮንኛ ክፍል ነው። ምራቅ እንደ ሰው አያፍርም።

በስኮትላንድ በተዘጉ የሕዝብ መሰብሰቢያዎችና በሥራ ቦታዎች ማጨስን የሚከለክለው ሕግ ከመጋቢት 26 ቀን 2006 ጀምሮ ጸና። በዚያን ጊዜ ብዙዎች አንድ ስጋት ነበራቸው፤ ይኸውም ሰው ከመጠጥ ቤት ሲባረር ሲጃራውን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ልጆቹም ይባስ ይጎዳሉ የሚል ነው። ይህን ለመመርመር በጥር 2006፥ ከዚያም በጥር 2007፥ ዕድሜያቸው 11 ዓመት ገደማ የሆነ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ተጠየቁ፤ ምራቃቸውም ተመረመረ። በመጀመሪያው ዙር 2,559፥ በሁለተኛው 2,424 ልጆች ነበሩ።

ስጋቱ አልደረሰም። በማያጨሱት ልጆች ምራቅ ውስጥ የተገኘው የኮቲኒን አማካይ መጠን ከ0.36 ወደ 0.22 ናኖግራም በሚሊሊትር ወረደ፤ ይህም ከመቶ 39 እጅ ቀነሰ ማለት ነው። ሌላ ጥናት ደግሞ ከሕጉ በፊት በአስም ምክንያት ሆስፒታል የሚገቡት ልጆች ቍጥር በየዓመቱ ከመቶ 5 እጅ ያህል ይጨምር እንደ ነበር፥ ከሕጉ በኋላ ግን በየዓመቱ ከመቶ 18 እጅ ያህል እየቀነሰ መሄዱን በ2010 አስታወቀ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ደስ ብሎን ይህን ጽሑፍ ባልጀመርነው ነበር።

አማካይ ቍጥር ብዙ ነገር ይሸፍናል። ልጆቹን እንደየቤታቸው ስንለያያቸው የምናየው ሌላ ነው። አባትም እናትም በማያጨሱበት ቤት መጠኑ ከ0.14 ወደ 0.07 ወርዷል፤ በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። አባት ብቻ በሚያጨስበት ቤት ከ0.57 ወደ 0.32 ወርዷል። እናት በምታጨስበት ወይም ሁለቱም በሚያጨሱበት ቤት ግን ለውጡ እጅግ ትንሽ ስለ ሆነ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም ለማለት አልተቻለም። እንግዲህ በሕጉ ይበልጥ የተጠቀመው ቀድሞም ጥቂት ጭስ ይተነፍስ የነበረው ልጅ ነው። እርሱ ጭሱን ያገኝ የነበረው በምግብ ቤትና በአውቶቡስ ስለ ነበር፥ ሕጉ ያን ሲያጸዳለት ሳንባው አብሮ ጸዳ። ቤቱ ጭስ የሞላበት ልጅ ግን ምግብ ቤቱ ቢጸዳለት ምን ያህል ይረዳዋል?

እዚህ ላይ ባልንጀሮቻችን ተማሪዎች አንድ ስሌት እንዲመለከቱልን እንለምናለን። አባቱ በሚያጨስ ልጅና ወላጆቹ በማያጨሱ ልጅ መካከል የነበረው ልዩነት ከሕጉ በፊት 0.43፥ ከሕጉ በኋላ 0.25 ነው። ስለዚህ አንዱ «ልዩነቱ ጠበበ» ቢል ውሸታም አይባልም። ነገር ግን የመጀመሪያውን መጠን ለሁለተኛው ስናካፍለው ከሕጉ በፊት አራት እጥፍ የነበረው ከሕጉ በኋላ አራት እጥፍ ተኩል ሆኖ እናገኘዋለን። ስለዚህ ሌላው «ልዩነቱ ሰፋ» ቢልም እውነቱን ነው። በመቀነስና በማካፈል መካከል ያለው ይህ ነገር በብዙ የማኅበራዊ ኑሮ ጥናቶች ጸሐፊዎችን ሲያሳስት እናያለን፤ የመንግሥት ሪፖርትም ከሁለቱ የሚስማማውን መርጦ ሲያቀርብ አልፎ አልፎ ይታያል።

ነገሩ ከሀብትና ከድኽነት ጋር የሚገናኘው እንዲህ ነው። በ2010ዎቹ አጋማሽ በስኮትላንድ እጅግ በተቸገሩት ሰፈሮች ከሦስት አዋቂ አንዱ ያጨስ ነበር፤ በደህናዎቹ ሰፈሮች ግን ከአሥር አንዱ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ እናቱ የምታጨስ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የድኻ ልጅ ነው። የስኮትላንድ፥ የዌልስና የሰሜን አየርላንድ መረጃ በአንድነት በተመረመረ ጊዜም፥ መሻሻሉ በይበልጥ የታየው ቀድሞ ጥቂት ጭስ ይደርስባቸው በነበሩትና ኑሯቸው ደልደል ባለ ቤተሰቦች ልጆች ላይ መሆኑ ተገልጿል።

እናትየዋ ስለምን ውጪ ወጥታ አታጨስም? ይህ ጥያቄ ሲነሣ ፈጥኖ የሚመጣው መልስ «ስለማታውቅ ነው» የሚል ነው። እኛ ግን ይህ መልስ የመላሹን ምቾት እንጂ የእናትየዋን ኑሮ የሚያስረዳ አይመስለንም። በኤዲንብራና በሌሎችም ከተሞች ወላጆችን በየቤታቸው ያነጋገሩ ተመራማሪዎች ያገኙት፥ እናቶቹ ጭሱ ልጃቸውን እንደሚጎዳ ማወቃቸውን ነው። ብዙዎቹ የራሳቸውን ደንብ አውጥተዋል፤ በመስኮት አጠገብ ያጨሳሉ፤ ወይም ማድ ቤት ገብተው በሩን ይዘጋሉ። ችግሩ ጭሱ ይህን ደንብ አለማክበሩ ነው። አብዛኛው ለዓይን አይታይም፤ በበር ሥር ያልፋል፤ ሲጃራው ከጠፋ በኋላም በቤት ውስጥ ከሁለት ሰዓት በላይ ሊቆይ ይችላል። ሙሉ በሙሉ ወደ ውጪ መውጣት ደግሞ ለሁሉም እኩል የተሰጠ አይደለም። ግቢ ያለው ሰው በሩን ከፍቶ ሁለት እርምጃ ይራመዳል። ብቻዋን ልጅ የምታሳድግና በባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ላይኛው ደርብ የምትኖር እናት ግን የሁለት ዓመት ልጇን ብቻውን ትታ ደረጃ መውረድ አትችልም፤ ይዛው ብትወርድም ዞሮ ዞሮ በአጠገቧ ነው። ጥሩ እናት መሆን ከልጁ አለመራቅ ከሆነ፥ ምክሩ «ራቂ» ስለሚላት፥ ከሁለቱ አንዱን ማጥፋቷ የማይቀር ነው።

በ2014 የስኮትላንድ መንግሥት ወላጆች በመስኮትና በበር ሳይወሰኑ ፈጽመው ወደ ውጪ እንዲወጡ የሚመክር ዘመቻ አካሄደ። ውጤቱ የሚናቅ አይደለም። በቤታቸው ጭስ የሚደርስባቸው ልጆች ከመቶ 11 የነበሩት በ2015 ወደ 6 ወረዱ፤ ለ2020 የታሰበው ግብ ከአምስት ዓመት በፊት ተገኘ። ሆኖም የቀሩት 6 ልጆች እነማን እንደ ሆኑ ከላይ ካልነው መገመት አያስቸግርም። በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም ከተማ በተቸገሩ ሰፈሮች የተሞከረው መንገድ ከዚህ ይለያል። በዚያ ወላጆች በገዛ ቤታቸው ያለው አየር ተለክቶ ውጤቱ ይነገራቸዋል፤ ቤት ውስጥ ሳሉ ሱሱን የሚያስታግስ የኒኮቲን መድኃኒትም ይሰጣቸዋል፤ በዚህም በየቤቱ ያለው ጭስ ቀንሷል። ደረጃውን መውረድ ለማትችል ሴት ከምክሩ ይልቅ ይህ እንደሚሻል አንጠራጠርም።

አሜሪካኖች የመረጡት መንገድ ጠንከር ያለ ነው። በመንግሥት የኪራይ ቤቶች ውስጥ፥ በየግል ክፍሉ ሳይቀር፥ ማጨስ ከሐምሌ 31 ቀን 2018 ጀምሮ ተከለከለ። ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤቶች ስላሉ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከአንዱ ቤት የተነሣው ጭስ የሌላውን ልጅ ያገኛል። ነገር ግን የራሱ ቤት ያለው ሰው በሳሎኑ እንደ ልቡ ሲያጨስ፥ ተከራዩ ድኻ ግን በሲጃራ ምክንያት ቤቱን እንዳያጣ ይሠጋል። ልጅን ከጭስ አድኖ ከቤት ማስወጣት መዳን ሊባል አይችልም። በመምህራኖቻችን ዘንድ በዚህ ላይ የተለየ አስተያየት እንዳለ እናውቃለን፤ ቢጽፉበት ደስ ይለናል።

በአገራችን የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1112/2011 (ዓመቱ የኢትዮጵያ ነው) በተዘጉ የሕዝብ መገልገያዎችና የሥራ ቦታዎች ማጨስን ከልክሏል። ስለዚህ የስኮትላንድ ጥያቄ የእኛም ጥያቄ ሆኗል፤ መልኩ ግን አንድ አይደለም። በ2016 በተደረገው ጥናት ትንባሆ የሚጠቀሙት ከመቶ አዋቂ 5 ያህል ሲሆኑ፥ ከወንዶች 8፥ ከሴቶች ግን 2 እንኳ አይሞሉም። በልጅ ሳንባ የሚገባው ጭስ በአብዛኛው የእንጨት፥ የኩበትና የከሰል መሆኑም የታወቀ ነው፤ እርሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ስለሚያስፈልገው እዚህ አንገባበትም። በስኮትላንድ ከባዱ ጉዳይ የምታጨሰው እናት ስትሆን፥ በእኛ ዘንድ ከባዱ አባት ወይም እንግዳ ነው። አንድ ክፍል ብቻ ባለው ቤት፥ ጫት ተይዞ ወሬ በደራበት ሰዓት፥ ልጁ በመጋረጃ ጀርባ ተኝቶ ሳለ፥ እንግዳውን «ተነሥተህ ውጪ አጭስ» የምትል ባለቤት ምን ትባላለች? ሰፊ ግቢ ያለው ሰው ይህን ቃል መናገር አያስፈልገውም፤ ወንበሩን በረንዳ ላይ ማውጣት ይበቃዋል።

ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ላይ መጠይቅ የሚያዘጋጅ ተማሪ «በቤቱ የሚያጨስ ሰው አለን?» በሚለው ብቻ እንዳይቆም እናሳስባለን። ቤቱ ስንት ክፍል እንዳለው፥ ሕፃኑ የሚተኛው የት እንደ ሆነ፥ በሩ ሲከፈት የሚያወጣው ወደ ግቢ ይሁን ወደ ጎረቤት ደጃፍ፥ እናቲቱ ወጣ ስትል ልጁን የሚይዝላት ሰው መኖር አለመኖሩን፥ እንግዳ ሲመጣም የት እንደሚቀመጥ ይጠይቅ። ምራቅ የመመርመሩ ሥራ ከዚያ በኋላ ይመጣል።