ስም የሌለው ቁልፍ

ዓይነ ስውር ነኝ፤ ጂንካ ውስጥ ካርድ ክፍል እሠራለሁ። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ከገጠር የሚመጣው ሁሉ በዚያው ይታከማል፤ ወረፋው ያኔ ነው። ማውስ አልነካም። ታብ እየመታሁ፣ ኤንቪዲኤ የተባለው ስክሪን ሪደር (ስክሪን ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) የሚለኝን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማሁ እመዘግባለሁ።

ኤንቪዲኤን በ2006 እ.ኤ.አ. የጀመረው ማይክል ከራን የተባለ አውስትራሊያዊ ነው፤ እሱም ዓይነ ስውር። ጃውስ የተባለው ሌላው ስክሪን ሪደር በውድ ሲሸጥ ይኼ በነጻ ነው፤ ሳይጫን ከፍላሽም ይነሣል። አማርኛም ያነባል። የአሪና የሐመር ሰዎችን ስሞች ግን እንደፈለገው ይሰባብራቸዋል፤ ፊደል በፊደል እያስነበብኩ አረጋግጣለሁ። ይኼ ቀላሉ ነው።

አዲስ የካርድ ፕሮግራም መጣልን። ታብ ስመታ «በተን» (ቁልፍ ማለት ነው)፤ ስደግም «በተን»፤ አሁንም «በተን»። የትኛው መዝግብ፣ የትኛው ሰርዝ? ለሚያይ ሰው ሥዕል ተለጥፎባቸዋል፣ ለስክሪን ሪደሩ ግን ባዶ ናቸው። ባልደረባዬ ሦስተኛው «መዝግብ» ነው ብላኝ በቁጥር ያዝኩት። ፕሮግራሙ ሲታደስ መሃል ላይ አንድ ቁልፍ ተጨመረና ሦስተኛው «ሰርዝ» ሆኖ ጠበቀኝ።

ፕሮግራመሩ የዊንዶውስን ተራ ቁልፍ ከነጽሑፉ ቢጠቀም ስሙ ያለ ምንም ተጨማሪ ሥራ ይነበብ ነበር። ሥዕል ካማረው ደግሞ ከጀርባ ስም ይስጠው፤ ለአንድ ቁልፍ አንድ መስመር ኮድ ነው።

ሌላው ጣጣ ፎንት ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች የግዕዙን ቅርጽ በላቲን ፊደል ላይ ያለበሱ ነበሩ፤ ዛሬም በእነሱ የሚጽፍ አለ። ሲታተም ያምራል። እኔ ጋ ሲደርስ ግን ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ጋጋታ ነው።

አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪ ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ የሥራ ሁኔታውን እንዲያመቻች ያዛል። መመቻቸት ሲባል ታዲያ ብዙ አለቃ የሚታየው የደረጃው መወጣጫ ነው፤ ሶፍትዌር ሲገዛ ውሉ ላይ «በኪቦርድ ብቻ የሚሠራ» ብሎ ያስገባ አልሰማሁም።

ኮምፒውተር የሚማሩ የሰፈር ልጆች ሲጠይቁኝ ማውሱን ነቅላችሁ በፕሮግራማችሁ አንድ ሰው መዝግቡ እላቸዋለሁ። ታብ የማይደርስበት እኔም አልደርስበትም፤ እጁ ማውስ የማይጨብጥለት ሰውም እንዲሁ። ድምፁ ከፈጠነባቸው ኤንቪዲኤ የሚናገረውን በጽሑፍ የሚያሳይ መስኮት አለው፤ እሱን ከፍተው «በተን» ብቻ ካነበቡ ሥራው ገና ነው፣ ለደንበኛ አይሰጥም።